መልእክተኛና የሰው አገር በዓል

ከአባቶቻችን በቃል የወረስነው አንድ ምሳሌ አለ፤ «እንደ አገሩ ይኖሩ፥ እንደ ወንዙ ይሻገሩ» ይላል። ነጋዴ ቢሆን፥ ወታደር ቢሆን፥ ተማሪ ቢሆን፥ ከተወለደበት ቀዬ ወጥቶ በሰው አገር የሚያድር ሁሉ ይህን ምክር ቢጠብቅ ይጠቀማል እንጂ አይጐዳም። ነገር ግን ምሳሌው በቀላሉ የማይስማማው አንድ ዐይነት ሰው አለ፤ እርሱም ሃይማኖትን ሊያስተምር ወደ ሌላ ሕዝብ የተላከ መልእክተኛ ነው። ነጋዴው የሄደው ሊሸጥና ሊገዛ ነውና አገሩን እንዳገኘው ትቶት ቢመለስ ምንም አይጐድልበትም። መልእክተኛው ግን የሄደው አገሩ እንደ ነበረ እንዳይቀር ነው። እንግዲህ እንዲለወጥ በሚሻው አገር ውስጥ እንደ አገሩ ሆኖ እንዴት ይኑር? የዘወትሩ ኑሮስ ይሁን፤ የአገሩን እህል ይበላል፥ ውኃውን ይጠጣል፥ ቋንቋውን ይማራል። የበዓሉ ቀን ሲመጣ ግን፥ ከበሮው ሲመታና ጐረቤቱ «ና፥ አብረን እንዋል» ብሎ ሲጠራው፥ ምን ይመልስ? ይህች ጽሑፍ የተነሣችው ይህን ጥያቄ ለመመርመር ነው።

ስለ ነገሩ ማሰብ የጀመርሁት ከመጻሕፍት አይደለም። በልጅነቴ ባደግሁባት ትንሽ ከተማ፥ ከቤታችን ጥቂት ራቅ ብሎ፥ ከባሕር ማዶ የመጡ ባልና ሚስት ሚስዮናውያን ይኖሩ ነበር። ሚስቲቱ በሽተኛ ታክም ነበር፥ ባልየው ልጆች ያስተምር ነበር። አያቴ እንግዳ ወዳጅ ሴት ነበሩና ሰዎቹ በመጡ በመጀመሪያው የመስቀል በዓል እንጀራና ዶሮ ወጥ በአገልግል አድርገው በእኔ እጅ ላኩላቸው። አገልግሉን ተሸክሜ ሄድሁ፤ እንደ ተከደነም ተሸክሜ ተመለስሁ። ሰውየው በደኅና ቃል ካመሰገነ በኋላ፥ ይህ በዓል በእነርሱ ሥርዓት ስለሌለ፥ ለበዓሉ ተብሎ የተዘጋጀውን ለመቀበል ኅሊናው እንደማይፈቅድለት ነገረኝ። እኔም የሰማሁትን ለአያቴ አደረስሁ። አያቴ አልተቈጡም፤ ክዳኑን ከፍተው አዩና «ምን አጐደልሁበት?» ብለው ጠየቁ። ነገሩን እስኪረዱት ድረስ ወጡ ጨው ያነሰው መስሏቸው ነበር።

በዚያው ዓመት ክረምት ሲገባ አክስቴ በወሊድ ሞተች። ሐኪሚቱ ሌሊቱን ሙሉ ከአልጋዋ አጠገብ ሳትለይ አደረች፤ ልታድናት ግን አልቻለችም። በማግሥቱ ወደ ለቅሶው መጣች። ወንበር ቢሰጧት እንቢ ብላ ከሴቶቹ ጋራ በሰሌን ላይ ተቀመጠች፤ ሦስት ቀንም እየመጣች ዋለች። ሙሾ አላወረደችም፥ ደረቷንም አልመታችም፤ ዝም ብላ ተቀመጠች። መስቀል በደረሰ ጊዜ አያቴ ያንኑ አገልግል በእኔው እጅ ላኩ። ባልና ሚስቱ በቤታቸው ምን እንደ ተነጋገሩ አላውቅም፤ አገልግሉ ግን በዚህ ጊዜ ተቀባይ አገኘ። በሁለተኛውም ቀን ሲመለስ ባዶውን አልነበረም፤ ሴቲቱ በእጇ የጋገረችው ዳቦ ነበረበት። ወደ ደመራው ግን አልመጡም። አያቴም ለምን አልመጣችሁም ብለው ከቶ አልጠየቁም።

አንባቢ ሆይ፥ ያ ሰው ክፉ ሰው አልነበረም። ለኅሊናው መታመኑ እንኳ የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ አያቴ በዚያ ቀን የተሰማቸው ኀዘን እውነተኛ ኀዘን ነበረ። እንግዲህ አንዱ ለእውነት በመታመኑ ሌላው በፍቅሩ ቢጐዳ፥ ጥፋቱ የማን ነው?

ጥያቄው የሚከብደው በሁለቱም ወገን ኃጢአት ስላለ ነው። መልእክተኛው የሰውን በዓል ሁሉ ከሩቅ ሆኖ የሚጸየፍ ቢሆን፥ ሊያስተምረው የመጣውን ሰው ይንቃል፤ የናቁትንም ሰው ማስተማር አይቻልም፥ ማዘዝ ብቻ ነው የሚቻል። ደግሞ በማናቸውም በዓል ያለ ልዩነት የሚገባ፥ የማያምንበትን እንደሚያምን መስሎ የሚሰግድና የሚያጨበጭብ ቢሆን፥ አፉ ባይዋሽ አካሉ ይዋሻል። ጐረቤቱ ይህን በኋላ ያወቀ እንደ ሆነ «ያን ጊዜ ከእኔ ጋራ ሲደሰት ያየሁት ሰው ማን ነበረ?» ብሎ ይጠይቃል። ስለዚህ ንቀትና ማስመሰል የመንገዱ ግራና ቀኝ ገደሎች ናቸው። ከአንዱ ሲሸሹ በሌላው መውደቅ ቀላል ነው። መንገዱ በመካከል እንዴት እንደሚያልፍ ለማየት ከእኛ በፊት የሄዱበትን ሰዎች ታሪክ መጠየቅ ይሻላል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ማቴዮ ሪቺ የሚባል በኢጣልያ አገር በማቸራታ ከተማ በ1552 ዓ.ም. የተወለደ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ነበረ። በ1582 ማካዎ ደረሰ፤ በሚከተለውም ዓመት ከባልንጀራው ከሚኬሌ ሩጀሪ ጋራ ወደ ቻይና ምድር ገባ። ሁለቱ ሰዎች እንደ አገሩ ለመኖር ፈልገው ራሳቸውን ተላጭተው የቡድሃ መነኮሳትን ልብስ ለበሱ። አሳባቸው መልካም ነበረ፤ ነገር ግን አልተሳካላቸውም። ሕዝቡ ትምህርታቸውን ከቡድሃ ትምህርት እንደ አንዱ ክፍል ቈጠረው፤ በመጻሕፍት የሠለጠኑት ሊቃውንት ደግሞ መነኮሳቱን ዝቅ አድርገው ይመለከቱ ነበርና እነርሱንም በዚያው ዐይን አዩአቸው። ሪቺ ይህን የተረዳው ከዐሥር ዓመት በላይ በአገሩ ከኖረ በኋላ ነው። በ1595 ያን ልብስ አውልቆ የሊቃውንቱን ልብስ ለበሰ፤ ጠጕሩንና ጢሙን አሳደገ፤ በቻይና ቋንቋም ስለ ወዳጅነት አንድ መጽሐፍ ጻፈ። በ1601 ፔኪንግ እንዲቀመጥ ተፈቀደለት፤ በዚያም እስከ ሞተበት እስከ 1610 ኖረ። በሞተ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ የመቃብር ቦታ እንዲሰጠው ፈቀደ።

ከዚህ የምንማረው አንደኛው ነገር፥ እንደ አገሩ መኖር በልብስ ብቻ የሚፈጸም አለመሆኑን ነው። ልብሱ በአገሩ ሰው ዘንድ ምን ይናገራል ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሪቺ በመጀመሪያ የለበሰው የአገሩን ልብስ ነው፤ ነገር ግን ልብሱ እርሱ ያልተናገረውን ተናገረበት።

በዓልም እንዲሁ ነው። የቻይና ሰዎች በጸደይ ወራት ወደ አባቶቻቸው መቃብር ሄደው ያጸዳሉ፥ ምግብ ያቀርባሉ፥ ዕጣን ያጥናሉ፥ ይሰግዳሉም። በቤታቸውም የሙታን ስም የተጻፈበትን ሰሌዳ ያከብራሉ፤ ሊቃውንቱም ለመምህራቸው ለኮንፉሽየስ የክብር ሥርዓት ይፈጽማሉ። እንግዲህ ክርስትናን የተቀበለ ቻይናዊ የአባቱን መቃብር ሊያከብር ይሂድ ወይስ ይቅር? ሪቺ ነገሩን መርምሮ፥ ይህ የልጅ ምስጋና እንጂ አምልኮት አይደለም ብሎ ፈረደ። ከእርሱ በኋላ የመጡ የሌሎች ማኅበራት ካህናት ግን ሕዝቡ በመቃብር ላይ ሲሰግድ በዐይናቸው አይተው፥ ይህ ጣዖት ማምለክ ነው አሉ። ነገሩ ወደ ሮማ ተላከ። በ1645 ሮማ ሥርዓቱን ከለከለች፤ በ1656 ደግሞ ፈቀደች። ይህ መለዋወጥ ከየት መጣ ቢሉ፥ መላሾቹ የመለሱት እንደ ተጠየቁት ስለ ነበረ ነው። አንደኛው ጠያቂ ሥርዓቱን እንደ መሥዋዕት አድርጎ አስረዳ፤ ሁለተኛው እንደ አክብሮት አድርጎ አስረዳ። እያንዳንዱም ለገለጸው ነገር የሚገባውን መልስ ተቀበለ። ሁለቱም ጠያቂዎች ግን ከባሕር ማዶ የመጡ እንግዶች ነበሩ።

በ1700 ኢየሱሳውያኑ ንጉሠ ነገሥቱን ካንግሺን የሥርዓቱን ትርጓሜ ጠየቁት። ካንግሺ በ1692 ክርስትና በአገሩ እንዲሰበክ የፈቀደ ንጉሥ ነበረ። እርሱም ሥርዓቱ የአገርና የአክብሮት ሥርዓት እንደ ሆነ መሰከረ። ይሁን እንጂ ሮማ በ1704፥ ደግሞ በ1715፥ በመጨረሻም በ1742 በጠነከረ ቃል ከለከለች። ካንግሺም የራሱ ሕዝብ ስለሚያደርገው ነገር ቋንቋውን የማያውቁ ሰዎች ከሩቅ ሆነው መፍረዳቸውን ሰምቶ ተቈጣ፤ በ1721 ስብከታቸው እንዲቀር ፈቃዱን አስታወቀ፤ ልጁም በ1724 ክርስትናን በአዋጅ ከለከለ። ሮማ ክርስቲያኖች ለኮንፉሽየስና ለሙታን የሚደረገውን የክብር ሥርዓት እንዲካፈሉ የፈቀደችው በ1939 ነው። ከ1742 እስከዚያ ድረስ 197 ዓመት አለፈ። በዚያ ሁሉ ዘመን ክርስቲያን የሆነ ቻይናዊ ወንድሞቹ በአባታቸው መቃብር ሲሰበሰቡ ከቤቱ ይቀር ነበር። በወንድሞቹም ዘንድ ስሙ የአባቱን ውለታ የረሳ ልጅ ነበር። ሸክሙን የተሸከመው ሕጉን የጻፈው ሰው አልነበረም።

አንዳንድ ሰው ይህን ሰምቶ «እንግዲህ የበዓሉን ትርጕም የአገሩ ሰው ይንገረንና በዚያው እንመን» ይል ይሆናል። እንዲህም በቀላሉ አይደለም። ባለቤቱም ራሱ አንድ ልብ ላይኖረው ይችላል፤ ሊቁ አክብሮት የሚለውን ገበሬው አምልኮት አድርጎት ይገኛል። በእኛም አገር አድባር ሥር ቡና የምታፈላው እናት የምታስበውና ልጅዋ የሚያስበው አንድ አይደለም። ስለዚህ ባለቤቱን መጠየቅ መጀመሪያ ነው እንጂ መጨረሻ አይደለም። ሆኖም መጀመሪያው ከተዘለለ የሚከተለው ፍርድ ሁሉ በአየር ላይ የተሠራ ቤት ይሆናል።

ሁለተኛውን ትምህርት ለማግኘት ወደ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በገዛ አገራችን ደርሷል። ፔድሮ ፓኤዝ የሚባል ስጳንያዊ ካህን ወደ ኢትዮጵያ ሲጓዝ በዐረብ አገር ተይዞ ሰባት ዓመት ያህል በእስር ከኖረ በኋላ፥ በ1603 ትግሬ ውስጥ ፍሬሞና ደረሰ። ግዕዝንና አማርኛን ተማረ፤ በጎርጎራ ሕንፃ ሠራ፤ የዐባይንም ምንጭ በ1618 አየ። በንጉሥ ሱስንዮስ ዘንድ የተወደደው በትዕግሥቱ ነበረ፤ ንጉሡም የሮማን ሃይማኖት የተቀበለው በእርሱ አማካይነት ነው። ፓኤዝ በ1622 ሞተ። ከእርሱ በኋላ በ1625 ፓትርያርክ ሆኖ የመጣው ፖርቱጋላዊው አልፎንሶ ሜንዴዝ ነው። በ1626 በደንቀዝ ንጉሡ ለሮማ መታዘዙን በአደባባይ ማለ። ከዚያ በኋላ የአገሩ ካህናት እንደገና ክህነት እንዲቀበሉ፥ ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፥ ቤተ ክርስቲያኖቹ እንደገና እንዲባረኩ፥ የጾሙና የበዓሉም ቀን በሮማ አቈጣጠር እንዲሆን ታዘዘ።

አንባቢ ሆይ፥ የበዓል ቀን በአንድ ሕዝብ ዘንድ ምን እንደ ሆነ አስብ። የእኛ ገበሬ ቀኑን የሚቈጥረው በቍጥር ብቻ አይደለም፤ ወሩ በባተ በ12 ሚካኤል፥ በ21 ማርያም፥ በ23 ጊዮርጊስ፥ በ27 መድኃኔ ዓለም ብሎ ነው። ብድር የሚከፈልበት፥ ማኅበር የሚጠጣበት፥ የተጣላ የሚታረቅበት ቀን ሁሉ በእነዚህ ላይ ተሰክቷል። ልጁን የሚድረው ጾም ሳይገባ ነው። ከዘመዱ የሚገናኘው ጥምቀት ሲደርስ ነው። ስለዚህ የበዓሉን ቀን ያነሣ ሰው አንድ ቀን ብቻ አላነሣም፤ የሕዝቡን ኑሮ ሁሉ ከተንጠለጠለበት ካስማ ነቀለ። ከቶውንም ሰው ስለ ባሕርይ ትምህርት የሚከራከሩትን ሊቃውንት ባይሰማ እንኳ፥ ፋሲካው ከጐረቤቱ ፋሲካ ሲለይ ይሰማዋል።

የሆነውም ታውቋል። ባላገሩ ተነሣ፤ በተለይ ላስታ ሸፈተ። በ1632 ሱስንዮስ በወይና ደጋ ጦርነት ድል አደረገ፤ ነገር ግን በሜዳው የወደቁት ብዙ ሺሕ ሰዎች የገዛ አገሩ ሰዎች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ወደ ቀድሞ ሃይማኖቱ እንዲመለስ አዋጅ አስነገረ፥ መንግሥቱንም ለልጁ ለፋሲለደስ ተወ፤ በዚያው ዓመትም ሞተ። ሚስዮናውያኑ ከአገር ተባረሩ፤ የአገሩም ደጅ ለብዙ ዘመን ተዘጋባቸው።

በዚህ ታሪክ የሜንዴዝን ስሕተት በእምነቱ ላይ ብቻ ማየት አይበቃም። ሰውየው ያመነበትን አስተማረ። የተሳሳተው እንግድነቱን በመርሳቱ ነው። እንግዳ «ይህን አልካፈልም» ለማለት መብት አለው፤ «አንተም ይህን ተው፥ ካልተውህ ንጉሡ ያስተውሃል» ያለ ቀን ግን እንግድነቱ ያበቃል። ፓኤዝ በትዕግሥት ያገኘው ወዳጅነት ሁሉ በሰይፍ ተደግፎ የመጣው ትእዛዝ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አጠፋው።

ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ፥ በ1839፥ ከዚያችው ቤተ ክርስቲያን የተላከ ሌላ ሰው ወደ አድዋ መጣ፤ ስሙ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ ነው። እርሱ የአገሩን ልብስ ለበሰ፥ የአገሩን ምግብ በላ፥ በእግሩ ሄደ፤ ላቲኑን ትቶ በግዕዝ ሥርዓት ጸለየ። ዓላማው ከሜንዴዝ ዓላማ የተለየ አልነበረም፤ ስለዚህም ተቃዋሚ አላጣም፥ ታስሯልም፥ ተባርሯልም። ነገር ግን በ1860 በሞተ ጊዜ ያለቀሱለት የአገሩ ሰዎች ነበሩ። እርሱ ሲያስተምር ሰሚው «አይሆንም» ለማለት ይችል ነበር፤ ሜንዴዝ ባዘዘ ጊዜ ግን «አይሆንም» የሚል ሰው በደሙ ይከፍል ነበር።

አሁን አንድ ጽኑ ተቃውሞ ይነሣብናል። «የአገሩ በዓል ሁሉ መልካም ነውን? ሥርዓቱ ንጹሕ ደም የሚያፈስ ቢሆንስ፥ መልእክተኛው ስለ ትሕትና ዝም ይበልን?» የሚል ነው። ተቃውሞው እውነተኛ ነው። እንግድነትን ሰበብ አድርጎ በግፍ ፊት ዝም ማለት ትሕትና ሳይሆን ፍርሃት ነው። ለዚህም ምስክር የምትሆን አንዲት ሴት አለች።

ሜሪ ስሌሰር የምትባል ስኮትላንዳዊት በልጅነቷ በዳንዲ ከተማ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሠራች ድኻ ነበረች። በ1876 አሁን ናይጄሪያ በተባለው አገር ወደ ካላባር ሄደች፤ በ1888 ደግሞ ወደ ውስጥ ዘልቃ በኦኮዮንግ ሕዝብ መካከል ተቀመጠች። ጠጕሯን በአጭሩ ተቈረጠች፥ በባዶ እግሯ ሄደች፥ የአገሩን ምግብ በላች፥ ኤፊክ የተባለውን ቋንቋ እንደ ተወላጅ ተናገረች። በዚያ አገር መንታ መውለድ እንደ ርግማን ይቈጠር ነበርና ሕፃናቱ ይገደሉ ወይም በዱር ይጣሉ፥ እናቲቱም ከሰው ትለይ ነበር። ስሌሰር የተጣሉትን ሕፃናት እያነሣች አሳደገች፤ ይህን ልማድ እስክትሞት እስከ 1915 ተቃወመች። አለቃ ሲሞትም ከእርሱ ጋራ የሚሄዱ ተብለው ሰዎች ይገደሉ ነበር። አንድ ጊዜ የአንድ አለቃ ልጅ በአደጋ በሞተ ጊዜ፥ በሞቱ ተጠርጥረው የታሰሩ ሰዎች ሊገደሉ ሆነ። እርስዋም ሬሳውን ባማረ ልብስ አስጊጣ፥ ከፍ ያለ ክብር እንዲታይለት አድርጋ አስቀመጠችው፤ ደግሞም ሌሊትና ቀን ከታሳሪዎቹ አጠገብ ሳትለይ ጠበቀች። በመጨረሻው የሰው ደም ሳይፈስ ሟቹ ተቀበረ።

ይህ ሥራ ጥልቅ ነው። አባቱ ልጄ በክብር ይሸኝልኝ ማለቱ ከልብ የመጣ የአባት ጥያቄ እንደ ነበረ አወቀች፤ ክብሩን ሰጠች፥ ደሙን ከለከለች። በአንዱ ሥርዓት ውስጥ ፍቅሩንና ግፉን ለይታ አየች። ይህን ለመለየት የቻለችው ግን ከሩቅ ሆና አይደለም። ከሕዝቡ ጋራ በጭቃ ቤት አድራ፥ በሽተኞቻቸውን አስታምማ፥ ሙግታቸውን ሰምታ ስለ ኖረች ነው። እውነቱን ለመናገር እርስዋም ያለ ሥልጣን አልነበረችም፤ ከ1892 ጀምሮ የእንግሊዝ መንግሥት በዚያ አገር ዳኝነት ሰጥቷት ነበር። መንታዎቹን ማንሣት የጀመረችው ግን ሥልጣን ከመያዟ በፊት፥ በባዶ እጇ ነበረ። «ይህን አታድርጉ» የማለት መብት ያገኘችው ከሹመት ደብዳቤ ሳይሆን አብራ ከበላችው ረኀብና አብራ ካለቀሰችው ለቅሶ ነው።

እንግዲህ ከእነዚህ ሁሉ ታሪኮች ምን መለኪያ እናገኛለን? ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ይህንኑ የሚመስል ጥያቄ ደርሶት ነበር፤ ክርስቲያን በአሕዛብ ቤት ቢጋበዝ ምን ያድርግ የሚል ነው። የመልሱ አሳብ፥ የቀረበልህን ሳትመረምር ብላ፤ ነገር ግን ይህ ለጣዖት የተሠዋ ነው ብሎ የሚነግርህ ቢኖር፥ ስለ ነገረህ ሰው ኅሊና ብለህ ተው የሚል ነው። አስተውል፤ ተው ያለው ስለ ሥጋው ርኵሰት አይደለም፥ ስለ ሰውየው ነው። ጥያቄው «እኔ በዚህ እረክሳለሁን?» ከሚለው ተነሥቶ «ይህ ሰው ከእኔ መብላት ወይም አለመብላት ምን ይረዳል?» ወደሚለው ይሻገራል።

በዚህ መሠረት መልእክተኛው በበዓል ቀን ራሱን ሦስት ነገር ቢጠይቅ መልካም ይመስለኛል። ፊተኛው፥ «ይህ በዓል በሚያከብሩት ሰዎች ልብ ምን ይላል? ይህንንስ የሰማሁት ከእነርሱ ነው ወይስ ከእኔው ወገን?» የሚል ነው። ሁለተኛው፥ «የማልካፈለው ነገር ቢኖር፥ የሚጠራኝን ሰው ፍቅሩን ሳልመልስ ሥርዓቱን ብቻ የምተውበት መንገድ አለን?» የሚል ነው። ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል፤ «ከእነዚህ ሰዎች ጋራ በሥራው ቀንና በኀዘኑ ቀን ኖሬአለሁን?» የሚል ነው። የጐረቤቱን የዘወትር ኑሮ ሳያውቅ በበዓሉ ላይ የሚፈርድ ሰው መጽሐፉን ሳያነብ በሽፋኑ ላይ እንደሚፈርድ ነው። ደግሞም የዘወትሩን ሳይካፈል በበዓሉ ቀን ብቻ የሚገኝ ሰው እንግዳ እንኳ አይደለም፥ ተመልካች ነው።

ባለቤቱም ግዴታ አለበት። እንግዳን ወደ ገበታ መጥራት ፍቅር ነው፤ አንገቱን ይዞ ማስገደድ ግን ፍቅር አይደለም። አያቴ አገልግሉን በየዓመቱ ላኩ፥ ወደ ደመራው ለምን አልመጣችሁም ብለው ግን አልጠየቁም። ሰዎቹ ምን እንደሚችሉና ምን እንደማይችሉ ዐውቀው በቻሉት ተቀበሏቸው። ይህ ዕውቀት ከየት መጣላቸው ብል፥ ያች ሴት ሦስት ቀን በሰሌን ላይ ከመቀመጧ በቀር ሌላ ምክንያት አላገኝለትም።

ይህ ነገር ለእኛም እንግዳ ጉዳይ አይደለም፤ ዛሬ የእኛ ሰዎች ራሳቸው በሰው አገር መልእክተኞች ሆነዋል። በኋላ አቡነ ይስሐቅ የተባሉት አባት በ1970 ወደ ጃማይካ በተላኩ ጊዜ ያገኙት ሕዝብ ኢትዮጵያን አጥብቆ የሚወድ ሕዝብ ነበረ፤ ከመካከሉም ብዙዎች የኢትዮጵያን ንጉሠ ነገሥት እንደ አምላክ ያዩ ነበር። ይህ እጅግ ረቂቅ ፈተና ነው። የሚወድድህን፥ አገርህንም ከአንተ በላይ የሚያከብረውን ሰው፥ በዚያው ፍቅሩ ውስጥ ስሕተት አለ ብለህ እንዴት ትነግረዋለህ? እርሳቸው ጥምቀትን በሥላሴ ስም ብቻ አስተማሩ፤ በዚህም ምክንያት የተለዩአቸው ነበሩ። ነገር ግን ሕዝቡን አልናቁም፥ ትተውትም አልሄዱም፤ እስከ ዕረፍታቸው እስከ 2005 ድረስ በአሜሪካና በካሪቢያን ምድር አገለገሉ። በዚያ አገር እንግዳው እኛ ነን፤ የእኛን ወገን ንቀት ወይም ትዕግሥት የሚመዝነውም ሌላ ሕዝብ ነው።

እንግዲህ ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። አባቶቻችን «እንደ አገሩ ይኖሩ» ብለው አላበቁም፤ «እንደ ወንዙ ይሻገሩ» ብለው ጨመሩ። ሁለተኛው ቃል ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ወንዝ የሚሻገር ሰው የወንዙን ጠባይ ይመረምራል፤ ጥልቁንና ስሱን፥ ድንጋዩንና አሸዋውን የሚያውቁትን የአገሩን ሰዎች ይጠይቃል፤ ውኃው በሚፈቅድለት በኩል ይገባል፥ ልብሱም ይርሳል። ውኃው እንዳይነካው የሚሻ ሰው ከወዲያ ማዶ ከቶ አይደርስም። ወዴት እንደሚሄድ የረሳ ሰው ደግሞ ከውኃው ጋራ ይወርዳል። የሚሻገር ግን እግሩን ለወንዙ እየሰጠ ዐይኑን ከማዶው አይነቅልም። ያች ሴት ወደ ደመራው ሳትመጣ ዳቦዋን በአያቴ አገልግል ውስጥ አድርጋ በላከች ጊዜ በዚያ ወንዝ ውስጥ ቆማ ነበር ብዬ አስባለሁ። ዳቦውን አያቴ ቈርሰው ለሁላችን አደሉን። ጨው አንሶት ነበር፤ ማንም ግን አልተናገረም።